ጭስ የጎንደርን ዛፎች መጉዳቱን እንዴት እንለያለን?

አንድ ዛፍ ብቻ አይቶ «የአየር ብክለት ጎድቶታል» ማለት አይቻልም። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ወደ አዘዞ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ ባጃጅና የጭነት መኪና ሲያጨስባቸው የሚውሉ ጥቂት ዛፎች ምረጡ። ከመንገድ ራቅ ባለ የደብር ግቢ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ፈልጉ፤ ወይራን ከወይራ፣ ዋንዛን ከዋንዛ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጥዶች ልብ ይሰርቃሉ፤ ኋላ ግንዱንም ስለምናይ ግን ጥድ ለዚህ ሥራ አይመችም፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። ደብር ስትገቡ አባቶችን አስፈቅዱ። ቅርንጫፍ አትስበሩ።

መጀመሪያ አቧራውን እዩ። ፕላስተር ቅጠሉ ላይ ለጥፋችሁ አንሱና ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፉት። ቡናማው የመንገድ አፈር፣ ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ሁለቱም ብርሃን ይጋርዳሉ፤ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎችም ይደፍናሉ። በየካቲት ወይም በመጋቢት አድርጉት፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ያጥበዋል።

ቀጥሎ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጉት። ከመኪና የሚወጡ ጋዞች ፀሐይ ሲያገኛቸው ኦዞን ይፈጠራል። ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀን ይኸው ጋዝ መሬት ላይ ሲሆን የቅጠሉን ሕዋሳት ይገድላል። ምልክቱ በላይኛው ገጽ፣ በጅማቶቹ መካከል የሚወጡ ደቃቅ ቡናማ ነጠብጣቦች ናቸው። አሮጌ ቅጠል ላይ ይበዛሉ። ቅጠሉ ከተበሳ ግን ብዙ ጊዜ የነፍሳት ሥራ ነው። ሁሉም ዛፍ ይህን ምልክት አያወጣም፤ ስላላያችሁ ጤነኛ ነው አትበሉ።

እኔ ከሁሉም የማምነው ግንዱን ነው። ቅርፊቱ ላይ ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ የሚለጠፈው ሊቸን ይባላል። ፈንገስና አልጌ ተባብረው የሚኖሩበት ነው። ዛፉን አይጎዳም፤ እባካችሁ አትፋቁት! ሥር ስለሌለው ውሃውንም ምግቡንም የሚያገኘው ከዝናብና ከአየር ነው። ስለዚህ ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ቶሎ ይጎዳዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው እንደ ፂም የሚንጠለጠለው ነው። ቅጠል የሚመስለው ይከተላል። ቅርፊቱ ላይ የተጣበቀው ስስ ዓይነት የተሻለ ይቋቋማል። ከሽቦ 20 በ20 ሴንቲሜትር ክፈፍ ሥሩ። በደረት ከፍታ፣ በሁሉም ዛፎች በአንድ አቅጣጫ አስጠግታችሁ ስንት ዓይነት እንዳለ ቁጠሩ። ጥላና እርጥበትም ስለሚለውጡት ከየቦታው አምስት አምስት ዛፍ ይሁን።

የዛፉ ጫፍ መድረቁን ብቻ አይታችሁ ጭሱን አትክሰሱ። ድርቅም፣ ለግንባታ ሲቆፈር የተቆረጠ ሥርም ያደርቀዋል። መንገድ ዳር አቧራውና ነጠብጣቡ ከበዙ፣ የሊቸኑ ዓይነትም ካነሰ ግን ጉዳቱ ከአየሩ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያኔ በደብሩ አጥር ሥር ፌስታልና ቆሻሻ ማቃጠል እንዲቆም ተነጋገሩ። በመንገዱና በግቢው መካከልም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ በሁለት ረድፍ ትከሉ፤ አቧራውን እሱ ይቀበለዋል።