የአንድ አገር የስንዴ ኤክስፖርት በዓለም የእህል ንግድ ውስጥ ያለው ክብደት እንዴት ይለካል?

አንድ አገር ስንዴ ወደ ውጭ መላክ አቆመ ወይም ቀነሰ የሚል ዜና ሲሰማ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው አገሩ በዓመት ምን ያህል እንደሚያመርት ነው። ይህ መረጃ ብቻውን ግን ያሳስታል። የዓለም ዓመታዊ የስንዴ ምርት ወደ 780 ሚሊዮን ቶን ሲጠጋ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ከ200 ሚሊዮን ቶን ብዙም አያልፍም፤ ከአራት ኩንታል ሦስቱ ያህል በበቀለበት አገር ይፈጫል፣ ለዘር ይቀመጣል ወይም ለእንስሳት መኖ ይውላል ማለት ነው። በምርት መጠን ቀዳሚዎቹ ቻይናና ህንድ ናቸው፤ ነገር ግን የሕዝባቸውን ቀለብ ከሸፈኑ በኋላ ለዓለም ገበያ የሚተርፋቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንድን ላኪ አገር ክብደት በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ጋዜጠኛ፣ ነጋዴ ወይም ተማሪ ከምርት ወደ ንግድ፣ ከንግድም ወደ ተተኪ አቅራቢዎች እየተሻገረ መመርመር ይኖርበታል። እዚህ ላይ በምሳሌነት የምወስደው ዩክሬንን ነው፤ በ2022 ሩሲያ ስትወራት የደረሰው ሁኔታ እያንዳንዱን የስሌት እርምጃ በተግባር ፈትኖታልና። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማስላት በፊት ቁጥሮቹ ስለ አንድ ዘመንና በአንድ መለኪያ የሚናገሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የስንዴ ንግድ የሚቆጠረው አዝመራን በተከተለ የገበያ ዓመት ነው፤ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዦች በአብዛኛው ከጁላይ እስከ ጁን ያለውን ጊዜ ሲይዙ፣ የህንድ የገበያ ዓመት ግን ከኤፕሪል እስከ ማርች፣ የአውስትራሊያ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር ይዘልቃል። በመሆኑም «2021/22» የሚለው ጽሑፍ በሁለት ሠንጠረዦች ላይ የተለያዩ ወራትን ሊያመለክት ይችላል። ዱቄትም ሳይረሳ ወደ ስንዴ መመለስ አለበት፤ አንድ ቶን ዱቄት በግምት 1.37 ቶን ስንዴ ሆኖ ይቆጠራል። ቱርክ ከሩሲያና ከሌሎች አገሮች ስንዴ እየገዛች በዱቄት ላኪነት ከዓለም ቀዳሚውን ስፍራ የያዘችው በዚህ መንገድ ነው። ዓለም በመለኪያነት የሚከተለው የአሜሪካው የቺካጎ የእህል ገበያ ዋጋ የሚነገረው በቡሽል ሲሆን፣ አንድ ቡሽል ስንዴ 27.2 ኪሎ ግራም ስለሆነ የቡሽሉን ዋጋ በ36.74 ማባዛት የአንድ ቶን ዋጋ ይሰጣል። አኃዞቹን በየወሩ ከሚወጣው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሪፖርት፣ ለንደን ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የእህል ምክር ቤት፣ ወይም የቡድን 20 አገሮች በ2011 ካቋቋሙት የግብርና ገበያ መረጃ ሥርዓት ማግኘት ይቻላል፤ ከአንዱ የተወሰደን ቁጥር ከሌላው ጋር ማደባለቅ ግን ስሌቱን ያበላሸዋል።

ከዚህ በኋላ የኤክስፖርት ድርሻውን ያስሉ። ዩክሬን በ2021 ወደ 33 ሚሊዮን ቶን ስንዴ ሰብስባለች፤ ይህ ከዓለም ምርት 4 በመቶ ገደማ ነው። በ2021/22 የላከችው ወደ 19 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ለ200 ሚሊዮን ሲካፈል ከ9 በመቶ ይበልጣል። በምርት ስሌት ትንሽ የመሰለችው አገር በንግድ ስሌት ከእጥፍ በላይ ትገዝፋለች። በተቃራኒው ህንድ በዚያው ዘመን ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አምርታ ለውጭ ያቀረበችው ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር።

ብዙ ጸሐፊዎች ድርሻውን ካወቁ በኋላ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ። መጠየቅ ያለበት ችግሩ በተፈጠረበት ዕለት ገና ያልተጫነው ስንዴ ምን ያህል ነበር የሚለው ነው። የዩክሬን የክረምት ስንዴ የሚታጨደው በጁላይ አካባቢ ሲሆን አብዛኛው በቀጣዮቹ ወራት ተጭኖ ያልቃል። ጦርነቱ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሲጀመር አገሪቱ ወደ 18 ሚሊዮን ቶን ያህል ስንዴ ልካ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በገበያ ዓመቱ በድምሩ 24 ሚሊዮን ቶን ትልካለች ብሎ ገምቶ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ከገበያው በእርግጥ የጎደለው የዩክሬን ስንዴ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ፣ ማለትም ከዓለም ንግድ 2.5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ሆኖም ከወረራው በፊት በነበሩት ሳምንታት በቡሽል 8 ዶላር ገደማ የነበረው የቺካጎ ዋጋ በማርች መጀመሪያ ከ13 ዶላር በላይ ወጣ፤ በቶን ሲሰላ ከ294 ዶላር ወደ 478 ዶላርና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው።

በትንሹ ጉድለትና በትልቁ የዋጋ ዝላይ መካከል ያለውን ርቀት ማስረዳት የማይችል ስሌት ገና አላለቀም። ዋጋውን ያናረው የጎደለው 5 ሚሊዮን ቶን ብቻ አልነበረም፤ ገበያው የሚቀጥለው አዝመራ እንዳይሰበሰብና እንዳይጫን፣ በይበልጥም የሩሲያ ስንዴ በማዕቀብና በመርከብ መድን እጦት አብሮ እንዳይታገድ ሰግቶ ነበር። ሁለቱ አገሮች አንድ ላይ ከዓለም የስንዴ ኤክስፖርት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋውን ይይዙ ነበር። የሩሲያ ስንዴ መጫኑን እንደቀጠለ ሲታወቅና የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አዲስ ምርት ሲቃረብ ዋጋው በጁላይ ወደ ቅድመ ጦርነቱ ደረጃ ተመለሰ። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ የጠፋውን ቶንና ይጠፋል ተብሎ የተፈራውን ቶን ለየብቻ ይመዝግቡ። የህንድም ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል፤ ድርሻዋ አነስተኛ ቢሆንም ሜይ 13 ቀን 2022 ኤክስፖርት ስታግድ ዋጋው ወዲያውኑ ዘለለ፣ ምክንያቱም ገዢዎች የዩክሬንን ክፍተት ትሞላለች ብለው ተስፋ ካደረጉባቸው አገሮች አንዷ እርሷ ነበረች።

ቀጥሎ የሚመረመረው ተተኪ አቅራቢ ነው። ሩሲያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ዩክሬን፣ አርጀንቲናና ካዛክስታን አብዛኛውን የዓለም የስንዴ ኤክስፖርት ይሸፍናሉ፤ አንዱ ሲጎድል የሚታየው የቀሩት ሰባቱ መጋዘን ነው። የዓለም የስንዴ ክምችት በጥቅሉ ብዙ ቢመስልም ግማሽ ያህሉ ቻይና ውስጥ ያለና ለሽያጭ የማይወጣ በመሆኑ፣ ከስሌቱ ቀንሶ የላኪዎቹን ክምችት ብቻ መውሰድ ይገባል። የ2022 ድንጋጤ የከፋው ገበያው አስቀድሞ ተጨንቆ ስለነበረ ነው፤ በ2021 የካናዳ ምርት በድርቅ ምክንያት በሲሶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ነበር። የስንዴው ዓይነትም ይታይ። ፓስታና ኩስኩስ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ ከዓለም ንግዱ ግማሽ ያህሉ ከካናዳ የሚመጣ በመሆኑ፣ የካናዳ ድርቅ በጣሊያንና በአልጄሪያ ገዢዎች ላይ የሚያደርሰው ጫና በጠቅላላ የስንዴ ድርሻዋ ከሚታየው እጅግ ይበልጣል።

የመጓጓዣውን መንገድ አይዝለሉ። ከጦርነቱ በፊት የዩክሬን የእህል ኤክስፖርት በአብዛኛው የሚወጣው በጥቁር ባሕር ወደቦች ነበር። ወደቦቹ ሲዘጉ ባቡር ሊተካቸው ተሞከረ፤ ነገር ግን የዩክሬን ሐዲድ ስፋት 1520 ሚሊ ሜትር፣ የአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ድንበር ላይ እህሉን ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ማዛወር ወይም መንኮራኩሩን መለወጥ ግድ ሆነ። በመጋዘን የሞላ እህል ያላት አገር ለገበያው እንደሌለች የምትቆጠርበት ጊዜ አለ። ጁላይ 22 ቀን 2022 በኢስታንቡል የተፈረመው ስምምነት የኦዴሳን፣ የቾርኖሞርስክንና የፒቭደኒን ወደቦች ከፍቶ እስከ ጁላይ 2023 ወደ 33 ሚሊዮን ቶን እህልና ሌላ የምግብ ምርት አሳልፏል።

የገዢዎቹ ወገን በአማካይ ቁጥር አይለካም፤ ይህን አጥብቄ የማነሣው የዳቦው ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ስለሆነ ነው። ለዓለም 9 በመቶ የሆነ ላኪ ለአንድ አገር የዕለት እንጀራ ዋና ምንጭ ሊሆን ይችላል። ግብፅ ከውጭ ከምታስገባው ስንዴ ከአምስቱ አራት እጅ ያህሉን ከሩሲያና ከዩክሬን ታገኝ ነበር። ሊባኖስም በዩክሬን ስንዴ ላይ አጥብቃ የምትደገፍ ስትሆን፣ ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ በደረሰው ፍንዳታ ዋናው የእህል ጎተራዋ ስለወደመ ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ ክምችት መያዝ አልቻለችም። ለእያንዳንዱ ገዢ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ከዚያ ላኪ የሚገዛውን መቶኛ፣ ክምችቱ የሚያቆየውን ጊዜ፣ ከሌላ ቦታ ለመግዛት ያለውን የውጭ ምንዛሪ። የእርዳታ እህልም በዚሁ ይታያል። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የጫነው የመጀመሪያው የስንዴ መርከብ «ብሬቭ ኮማንደር» 23,000 ቶን፣ በእኛ መለኪያ 230,000 ኩንታል፣ ለኢትዮጵያ ይዞ በኦገስት 2022 መጨረሻ ጅቡቲ ደርሷል። ይህ ከዓለም ንግድ አንጻር ኢምንት ቢሆንም፣ ለሚጠባበቁት ተረጂዎች ግን የዓለም ድርሻ ስሌት የማይገልጸው ዋጋ አለው።

ጥያቄው ስለ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ስለ እህል ንግድ በሙሉ ከሆነ፣ በቆሎን፣ ገብስንና ሩዝን የሚጨምረው ድምር ወደ 500 ሚሊዮን ቶን ስለሚደርስ የዩክሬን ስንዴ ድርሻ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ በቆሎዋና ገብሷ ሲታከሉ ግን ወደ 10 በመቶ ይመለሳል።

ይኸው አካሄድ በሩሲያ ላይ ሲተገበር ውጤቱ ይለያል። በ2010 በድርቅና በእሳት ምርቷ ተጎድቶ ከኦገስት 15 ጀምሮ ኤክስፖርት ስታግድ፣ ከዚያ በፊት በነበረው የገበያ ዓመት ወደ 18 ሚሊዮን ቶን የነበረው ጭነቷ በ2010/11 ወደ 4 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ ያኔ ሌሎች ላኪዎች አብዛኛውን ክፍተት ሸፍነውታል። በ2023/24 ግን የላከችው 55 ሚሊዮን ቶን ገደማ፣ ማለትም ከዓለም የስንዴ ንግድ ሩብ ያህሉን ነው፤ የቀሩት ሰባት ላኪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያወጡት የሚችል ይህን የሚያክል ትርፍ ክምችት የላቸውም። ስለሆነም ሩሲያን የሚከታተል ሰው ከምርት ግምቱ ይልቅ ከ2021 ጀምሮ የሚለዋወጠውን የኤክስፖርት ቀረጥና ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ የሚጣለውን የኮታ መጠን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።