የቤት ዕዳ መክፈል ሲያቅት

ጠበቃ ነኝ። በቤት ዕዳ የተጨነቁ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ከርሟል። እባካችሁ፣ በደረሳችሁ ቀን ክፈቱት። ቀነ ገደቡ እናንተ እስክታነቡት አይጠብቅም።

ከዚያ የብድር ውሉን አውጡ። የቅጣት ወለዱ ስንት ነው? ስንት ክፍያ ሲያመልጥ ነው ቀሪው ዕዳ በሙሉ በአንዴ የሚጠየቀው? አበዳሪው ቤቱን ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት ወይስ ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ይችላል? ያላችሁን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ብዙዎች «ቤቱን ከወሰዱት ዕዳው አለቀ» ይላሉ። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። የጨረታው ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ፣ በብዙ አገሮች ሕግ ልዩነቱ ከሌላ ንብረታችሁ ወይም ከደመወዛችሁ ሊጠየቅ ይችላል። ዋስ የሆነላችሁ ሰውም አብሮ ይጠየቃል፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት። ከዕዳውና ከወጪው የተረፈ ገንዘብ ካለ ግን የእናንተ ነው። ሒሳቡን በጽሑፍ ጠይቁ።

የክፍያ ማራዘሚያ የምትጠይቁት ጨረታው ሳይወጣ ይሁን። በደብዳቤ ጠይቁ፣ ቅጂውንም አስቀሩ። ጨርሶ መክፈል እንደማትችሉ ካወቃችሁ ደግሞ አበዳሪውን አስፈቅዳችሁ ራሳችሁ ገዢ ፈልጉ። በጨረታ የተሸጠ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ዋጋ በታች ነው የሚሄደው።