ቆጵሮስ ለመኖር ሲያስቡ፦ ሰፈር ከመምረጥዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቆጵሮስ በካርታ ላይ ትንሽ ናት። ስፋቷ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ከዚሁ ተነስቶ ነው፤ «ትንሽ ደሴት ናት፣ የትም ብንገባ ያው ነው» ብሎ ቤት ይዞ ያርፋል። ከዚያ ሥራው አንድ ጫፍ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሌላ ጫፍ ይሆንበታል። የባሰው ደግሞ በገባበት የደሴቲቱ ክፍል ተወስኖ ወደ ሌላው መሻገር ያቅተዋል። ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው፣ ቀጥሎ ወቅትና መንገድ፤ የባሕሩ እይታ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜኑንና ደቡቡን አንድ አገር አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ደሴቲቱ ከ1974 ጀምሮ ለሁለት ተከፍላለች። ደቡቡ ዓለም የሚያውቀው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ነው፤ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኗል፣ ከ2008 ወዲህም ገንዘቡ ዩሮ ነው። ሰሜኑን ግን ከቱርክ በቀር እንደ አገር የሚያውቀው መንግሥት የለም፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግም እዚያ አይሠራም። በመካከላቸው በተባበሩት መንግሥታት ጦር የሚጠበቅ መስመር ያልፋል፤ ዋና ከተማዋን ኒኮሲያን ሳይቀር ለሁለት ይከፍላታል።

ማስታወቂያዎች ይህን አይነግሩዎትም። «ቆጵሮስ፣ አውሮፓ» ይሉና ያልፋሉ። በተለይ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የሚላኩ የዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያዎች ላይ የከተማውን ስም ፈልጉ። ጊርኔ፣ ጋዚማውሳ፣ ሌፍኮሻ ወይም ኢስኬሌ የሚል ካያችሁ ሰሜን ነው። የቤት ዋጋው በእንግሊዝ ፓውንድ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥርጥር እንደገና አጣሩ። በረራው በኢስታንቡል በኩል በሰሜን ወዳለው የኤርጃን አውሮፕላን ማረፊያ ከሆነም እንደዚያው ነው።

ልዩነቱ በኑሮ ላይ የሚመጣው እንዲህ ነው። የሪፐብሊኩ መንግሥት በኤርጃን አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በሰሜን ወደቦች መግባትን ሕጋዊ መግቢያ አድርጎ አይቆጥርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚያ ገብቶ «ቅዳሜ በደቡብ ወዳለችው ላርናካ ወረድ ብዬ ሥራ እፈልጋለሁ» ቢል በኬላው ላይ ይመለሳል። ሾልኮ ካለፈም በሕገወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጠርበታል። በሰሜን የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ በየትኛውም የአውሮፓ ኅብረት አገር የመኖር መብት አይሰጥም።

ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በሰሜን ያለው ብዙ መሬት በ1974 ተፈናቅለው ወደ ደቡብ የሄዱ የግሪክ ቆጵሮሳውያን ንብረት ነው። አንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት በላፒቶስ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቪላ ሠሩ፤ ባለ መሬቱ ከሰሳቸውና የቆጵሮስ ፍርድ ቤት አፍርሰው መሬቱን እንዲመልሱ፣ ካሳም እንዲከፍሉ ፈረደባቸው። በ2009 የአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት ፍርዱ በሌሎች የኅብረቱ አገሮችም ሊፈጸም እንደሚችል ወሰነ። ያኔ የኅብረቱ አባል በነበረችው እንግሊዝ ያለው ንብረታቸው ሳይቀር ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው። የሪፐብሊኩ የወንጀል ሕግም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ንብረት መሸጥና መግዛትን እስከ 7 ዓመት በሚያደርስ እስራት ይቀጣል። ዋጋው ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈቃዱን ሳያውቁ ከተማውን መምረጥ

ሰው የደቡቧን የባሕር ዳር ከተማ ሊማሶልን ወድዶ ይመርጣል፣ ከዚያ ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝ ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ መነሻው የያዙት ፓስፖርት ነው።

የስዊድን፣ የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን የፈለጉበት ከተማ ገብተው መሥራት ይችላሉ። ከ3 ወር በላይ ለመቆየት ካሰቡ በገቡ በ4 ወር ውስጥ «የሎ ስሊፕ» የሚባለውን የምዝገባ ወረቀት ማመልከት አለባቸው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ «ፒንክ ስሊፕ» የሚባለው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በጎብኚ ስም የሚሰጠው ፒንክ ስሊፕ ሥራ አያሠራም፤ ገቢዎ ከውጭ እንደሚመጣ ማሳየት ይጠበቅብዎታል።

በሥራ ፈቃድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ላይ የአሠሪው ስም አለበት። የቤት ሠራተኛ ከሆነች የምትኖረው አሠሪዋ ቤት ነው። ስለዚህ ለእርሷ «የት ሰፈር ልኑር?» የሚለው ጥያቄ «ውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ የት ነው?» ማለት ነው። ከመሳፈሯ በፊት አድራሻውን ካርታ ላይ ታውጣው። አውቶቡስ አለፍ አለፍ ብሎ የሚመጣበት ተራራ ላይ ያለ መንደር ከሆነ፣ በእረፍት ቀኗ የአገሯን ሰው አግኝታ የምትመለስበትን መንገድ አስቀድማ ትወቅ።

አሠሪው ቤት ከሚኖር ሠራተኛ በቀር ለተከራይ ሁሉ የሚሠራ ነገር፦ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠየቅ በስምዎ የተጻፈ የኪራይ ውል ይፈለጋል። ወዳጅ ቤት ተጠግቶ ወይም በቃል ተስማምቶ መኖር ለማመልከቻው አይረዳም።

አንድ ወቅት ብቻ አይቶ መወሰን

በግንቦት የሄደ ሰው ገነት አይቶ ይመለሳል። ቆጵሮስን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዴ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ፣ አንዴ በጥር።

በነሐሴ ኒኮሲያ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሄዳለች፤ መሀል አገር ስለሆነች የባሕር ነፋስ እንደ ልብ አይደርሳትም፣ ግን ደረቅ ሙቀት ነው። ሊማሶልና ላርናካ ዲግሪው ዝቅ ይላል፣ ወበቁ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይለቅም። የቱሪስት ከተማዋ አያ ናፓ በዚያው ወር እስከ ንጋት ሙዚቃ ነው። ከኅዳር በኋላ ደግሞ አብዛኛው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። በቱሪስት ሥራ ለመኖር የሚያስብ ሰው የብርዱን ወራት በምን እንደሚያልፍ ከወዲሁ ያስላ።

ጥር ላይ የሚያስገርመው ብርዱ ነው። አገሩ ሞቃት ነው ተብሎ የተሠራ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ግድግዳው ባዶ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ቤት ሲያዩ መኝታ ክፍል ይግቡና ወደ ሰሜን የዞረውን ግድግዳ በመዳፍዎ ይንኩት። ቁም ሳጥኑን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳብ አድርገው ከኋላው ይመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ወይም የሻገተ ጨርቅ ሽታ ከወጣ ግድግዳው እርጥበት ይይዛል ማለት ነው። በቅርብ የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካዩ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥተው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያውንና የውኃ ታንከሩን ይዩ። በደመናማ ቀን የሚያገለግል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማብሪያ ቤት ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ታንከሩ የጋራ ነው ወይስ የቤቱ ብቻ? በ2008 ድርቅ ጊዜ ከግሪክ በመርከብ ውኃ እስከማስመጣት ተደርሷል፤ የቧንቧ ውኃም በፈረቃ ነበር የሚለቀቀው። ይህ በደረሰ ጊዜ ታንከር የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ርቀትን በካርታ መለካት

ከላርናካ ኒኮሲያ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ብዙ ነው። ከሊማሶል ኒኮሲያ 85 ገደማ፣ ከጳፎስ ኒኮሲያ ደግሞ 150 ገደማ ነው። ባቡር የለም፤ የነበረው በ1951 ተዘግቷል። በከተሞች መካከል አውቶቡስ አለ፣ ወደ መንደሮቹ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው። «ከጳፎስ 10 ደቂቃ» ተብለው የሚተዋወቁት እንደ ፔያና ታላ ያሉ ኮረብታ ላይ ያሉ መንደሮች 10 ደቂቃው በመኪና ነው። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም ለሚሄድ ሰው መልመጃ ጊዜ ይፈልጋል።

ፈተናው ቀላል ነው፦ ሊከራዩ ካሰቡት ቤት ተነስተው፣ በነሐሴ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ በእግር እስከ አውቶቡስ ፌርማታውና እስከ ሱፐርማርኬቱ ይሂዱና ዕቃ ይዘው ይመለሱ። ጥላ የሌለው ዳገት ፎቶ ላይ አይታይም።

ስሞችንም በሁለት መንገድ ይፈልጉ። ሊማሶል በመንገድ ምልክት ላይ ሌሜሶስ ናት፣ ኒኮሲያም ሌፍኮሲያ (ሌፍኮሻ የሚለው ግን የሰሜኑ አጠራር ነው)። በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹ ማስታወቂያ ያመልጠዋል።

የኪራዩን ቁጥር ብቻ ማየት

ሊማሶል የውጭ ኩባንያዎች የተሰበሰቡባት ስለሆነች ኪራዩ ከሌሎቹ ከተሞች ይበልጣል። ግን ርካሹ ቤት ርካሽ መሆኑን የሚነግርዎት የመብራት ሂሳቡ ነው። ደሴቲቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ታመነጫለች፣ ዋጋውም ውድ ነው። ሂሳቡ በየ2 ወሩ ስለሚመጣ አከራዩን ሁለት ሂሳብ ይጠይቁ፤ የጥር-የካቲቱንና የሐምሌ-ነሐሴውን። በፎቅ ቤት የጋራ ወጪ የሚባል አለ፦ ሊፍት፣ ጽዳት፣ መዋኛ ገንዳ። በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሲገቡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና የ1 ወር ማስያዣ አንድ ላይ ይከፍላሉ፤ የኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑም ከተከራይ የራሱን ማስያዣ ይጠይቃል። አከራይ ነኝ የሚለው ሰው «ውጭ አገር ነኝ፣ ማስያዣውን ላክና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» ካለ አጭበርባሪ ነው። ሕጋዊ ደላላ የምዝገባና የፈቃድ ቁጥር አለው፤ ይጠይቁት። ካገር ቤት ሆነው የዓመት ውል አይፈርሙ፤ የመጀመሪያውን ወር ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ይያዙ፣ እሱም ሆቴል ሰፈር ሳይሆን ሊኖሩበት ያሰቡት ሰፈር ይሁን።

ትምህርት ቤትና ሐኪምን ለኋላ መተው

የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ነው፣ ቋንቋው ግን ግሪክኛ ነው፤ ልጆቹም ከቀትር ብዙም ሳይቆይ ይለቀቃሉ። እስከ ማታ የሚሠሩ ወላጆች ከዚያ በኋላ ልጁን የሚይዝ ማን እንደሆነ ያስቡ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት የግል ናቸው፣ የሚገኙትም በአብዛኛው በትልልቆቹ ከተሞች ነው። በ2019 የተጀመረው ጌሲ የሚባለው አጠቃላይ የጤና ሥርዓት ሁሉንም ነዋሪ አይሸፍንም፤ በጎብኚ ፈቃድ የሚቀመጥ ሰው የግል ኢንሹራንስ ይዞ ይግባ። የማያቋርጥ ሕክምና ያለው ሰው ኒኮሲያን ቢያስቀድም ይሻላል፣ ትልቁ ሆስፒታልና የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታሉ እዚያ ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ቤት መግዛት

ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ተከራይተው ይኑሩ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ሰው ለመግዛት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚፈቀድለትም በአብዛኛው አንድ መኖሪያ ቤት ወይም እስከ 4,014 ካሬ ሜትር የሆነ መሬት ነው። ትልቁ አደጋ የባለቤትነት ካርታው ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍለው ካርታ ያላገኙ ብዙ ገዢዎች ነበሩ፣ ምክንያቱም ሕንፃውን የሠራው ሰው መሬቱን ለባንክ አስይዞ ነበር። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የማይሠራ የራስዎን ጠበቃ ይያዙ። ከመፈረም በፊት በመሬት መዝገብ ዕዳና እገዳ መኖሩን ያጣራ፤ ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ውሉን በ6 ወር ውስጥ እዚያው መዝገብ ያስገባ። ሳይገባ ጊዜው ካለፈ ውሉ የሚሰጥዎት ከለላ ይቀራል።

መሬቱንም ይዩ። በሊማሶል ተራሮች በአራካፓስ አካባቢ በጁላይ 2021 የተነሳው ሰደድ እሳት አራት የእርሻ ሠራተኞችን ገድሏል፤ ጫካ ዳር ያለ መንደር መውጫ መንገዱ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። በፒሱሪ መንደር መሬቱ ተንሸራትቶ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል። በር ዙሪያ፣ ደረጃ ላይና በአጥር ግንብ ላይ ስንጥቅ ካዩ፣ ሻጩ ያቀረበው ሳይሆን እርስዎ የከፈሉት መሐንዲስ ይመልከተው።