ያው ግጥም፣ ሁለት ስም፦ ጋሼዎችን መፈተኛ ዘዴ

አራት ኪሎ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ራፕ ስከፍት ጋሼዎቹ «ይቺን የዱርዬ ጩኸት ዝጋልን» ይላሉ። የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ዘፈን) አቀንቃኙ ኬኒ ሮጀርስ ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። ምላጭ አንገታቸው ላይ እያለ!

እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ ይህን ሞክሩ። ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚያወራ የካንትሪ ግጥም ፈልጉ። ሞልቷል። ጆኒ ካሽ በፈረንጆቹ 1955 ባወጣው ዘፈን፣ ሰው ሲሞት ለማየት ብቻ ብሎ ስለገደለ እስረኛ ይዘፍናል። አራት መስመር ወደ አማርኛ መልሱና ሁለት ወረቀት ላይ ጻፉ። የዘፋኝ ስም አይግባበት። አንዱ ላይ «ራፕ»፣ ሌላው ላይ «ካንትሪ» በሉ። ለሁለት ሰዎች ለየብቻ ስጡ። አብረው ከተቀመጡ ይነቃባችኋል፤ እኔ ተበልቻለሁ። ከዚያ «ልጅዎ ይህን ቢሰማ ቅር ይልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዘዴው የኔ አይደለም። ኬሪ ፍሪድ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ያው አንድ ግጥም ራፕ ነው ሲባል ሰዎች ይበልጥ አደገኛ ሆኖ ታይቷቸዋል።

አንድ ደንበኛዬ «ራፕ» የሚለው ደረሳቸው። «ይሄማ ወንጀል ነው!» አሉ። የካንትሪ መሆኑን ነገርኳቸውና «ፉከራስ ጋሼ? እንዲህ ገዳይ፣ እንዲያ ገዳይ ሲባል ፖሊስ ይጠራል?» አልኳቸው።

በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አዩኝ።

«ጢሙን ጨርስ» አሉኝ።