ጌም ሲንቀረፈፍ፦ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የችግሩን ምንጭ የመለያ መንገድ

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ጌም ሲንቀረፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ግራፊክስ ካርዱን ቀይረው» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ካርዱ ውድ ዕቃ ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ሳይረጋገጥ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። አንድ ፍሬም (በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች አንዱ) ተሠርቶ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ፣ የሥራ ማህደረ ትውስታው ራሙ፣ ዲስኩና ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ አንዱ ሲዘገይ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይጠብቁታል። የፍለጋው ዓላማ ይህን የሚጠበቀውን ክፍል ማግኘት ነው።

በቅድሚያ ዝግመቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ምስሉ ሳይቆራረጥ እየሄደ ተኩስዎ ዘግይቶ የሚመዘገብ ወይም ሌሎች ተጫዋቾች ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ ችግሩ የኢንተርኔት ነው። በተለይ የጌሙ ሰርቨር ሌላ አህጉር ላይ ሲሆን ርቀቱ ራሱ መዘግየትን ስለሚፈጥር የትኛውም ግራፊክስ ካርድ አያስተካክለውም። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የልምምድ ክፍል ካለው እዚያ ገብቶ ማነጻጸር ይቻላል። የሚቆራረጠው ምስሉ ራሱ ከሆነ ግን መንስኤው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ አማካዩ 60 ሆኖ አልፎ አልፎ አንድ ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ዓይን የሚያየው መንገጫገጭ ነው። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የሚወርድበትን ቅጽበት ጭምር ይከታተሉ።

ወደ መለካቱ ከመግባትዎ በፊት የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ እያለው ገመዱ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ከተሰካ፣ ጌሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ ግራፊክስ ሊሠራ ይችላል። ሞኒተሩ 144 ኸርዝ (ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ) ከሆነም በዊንዶውስ የማሳያ ቅንብር ውስጥ 60 ላይ አለመቅረቱን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ይክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ እንደከፈቱ ጌሙን ይጫወቱ። ግራፊክስ ካርዱ ያለማቋረጥ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ገደቡ እሱ ነው። ካርዱ 50 ወይም 60 በመቶ ላይ ቆሞ ጌሙ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ግን ካርዱ ሌላ አካል እየጠበቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚጠበቀው ፕሮሰሰሩ ነው። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ቁጥር እንዳያሳስትዎ ይጠንቀቁ። ስምንት ሎጂካል ፕሮሰሰር (ዊንዶውስ ለየብቻ የሚቆጥረው የፕሮሰሰሩ የሥራ መስመር) ባለው ኮምፒውተር ላይ አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ ጠቅላላው የሚያሳየው 13 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግራፉን በቀኝ ጠቅ አድርገው የእያንዳንዱን ለየብቻ እንዲያሳይ ያድርጉ። ውጤቱን ለማረጋገጥ ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ይቀንሱ። ካርዱ የሚስለው የነጥብ ብዛት ከግማሽ በታች ስለሚሆን፣ ጥፋቱ የካርዱ ከነበረ ፍሬሙ በግልጽ ይጨምራል፤ ካልጨመረ ካርዱን መቀየር አይጠቅምዎትም።

በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጥ ችላ የሚባለው ራም ነው። ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው አገራችን የሚገቡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የላቸውም፤ የውስጥ ግራፊክሱ ደግሞ የሚጠቀመው ያንኑ የኮምፒውተሩን ራም ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ከተሰካ መረጃው የሚያልፈው በአንድ መስመር ሲሆን፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት በትክክለኛው ስሎት (መሰኪያ ቦታ) ቢሰኩ ግን የመተላለፊያው ስፋት በእጥፍ ያድጋል። በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተመሳሳይ ራም መጨመር በጣም ጉልህ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ምን ያህል ስሎት እንደተያዘና ራሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ ይታያል። ለጌም በተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ላይ 3200 የተባለ ዲዲአር 4 ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲሠራ ካዩ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት በቂ ነው።

ጌሙ ሲጀመር ጥሩ ሆኖ ቆይቶ የሚዳከም ከሆነ ሙቀትን ይጠርጥሩ። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ከተጠጋና ፍጥነቱ ታስክ ማናጀር ላይ ከተጻፈው መነሻ ፍጥነት በታች ከወረደ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ የፋኑን ክንፍ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘው አቧራውን በአየር መንፊያ ያስወጡ። ዓመታት ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቆ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ቢቀየር ይመረጣል።

አዲስ ቦታ ሲገቡ ብቻ ለአፍታ የሚቆም ጌም ብዙ ጊዜ ዲስክን ይጠብቃል። ጌሙን ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ማዛወር ይህን ያቃልላል። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ከሆነ ግን የቴክስቸር (የነገሮች ገጽ ሥዕል) ጥራትን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ድራይቨሩንም (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ «ኮምፒውተር እናፈጥናለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ። ምንም ቢቀይሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ ልዩነቱንም በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ ይለኩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገደቡ ካርዱ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከመግዛትዎ በፊት ኬዙን ከፍተው ፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያድለው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የማዘርቦርዱ ስሎት ለካርድ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው፤ በብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች ውስጥ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድ የለም። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የሚችለው ከስሎቱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው፤ ኬዙ ቀጭን ከሆነም ቁመቱ ያጠረውን ሞዴል መምረጥ ያስፈልጋል።