ማዕድን ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ ያለን ውሃ እንዴት እንከታተል?

ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ከገደሉ እየተፈለፈለ ይወጣል። አምባሰል ውጫሌ አካባቢ ደግሞ የድንጋይ ከሰል አለ። ማዕድን ለብዙ ወሎዬ እንጀራ ነው። ከቁፋሮው በታች ያለው ምንጭም የሰውና የከብት ነፍስ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የማዕድን ብክለትም እንደዚያው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ በዓይን ብቻ አይያዝም። መለካትና መመዝገብ ይጠይቃል። ከዚህ ሥራ ብዙውን የውሃ ኮሚቴው ወይም ቅሬው (እድሩ) ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ቁፋሮው ሳይጀመር ለኩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የቀድሞው ውሃ ካልተመዘገበ፣ ነገ ችግር ሲመጣ «ድሮም እንዲህ ነበር» ለሚል ሰው መልስ አይኖራችሁም። ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ለኩ፤ በጋውን፣ በልጉንና ክረምቱን እንዲይዝ። ቁፋሮው ከተጀመረ ቆይቷል? እንግዲያው ከማውጫው በላይ ያለውን፣ ቁፋሮው ያልነካውን ውሃ ማነጻጸሪያ አድርጉ።

ቦታ ምረጡ። ከማውጫው በላይ አንድ፣ ከማውጫው የሚወጣው ውሃ ወንዙን ከተቀላቀለ በኋላ አንድ፣ ራቅ ብሎ ወደ ታች ሌላ አንድ። የሚጠጡ ምንጮችንና የእጅ ፓምፖችን ጨምሩ። የወሎ ደጋ ባዛልት ድንጋይ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ስለሚሄድ ሁልጊዜ የመሬቱን ተዳፋት አይከተልም። ስለዚህ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ምንጭም አትተዉ። እያንዳንዱን ቦታ ስም ስጡት፣ በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡት።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ። በድንጋይ ከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውሁድ ይገኛል። አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ከድንጋዩ ውስጥ ብረታ ብረት ያሟሟል። ያኔ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል) ይወርዳል፣ ከድኙ የሚፈጠረው ሰልፌት የተባለ ጨው ይጨምራል፣ ድንጋዩ ላይ ብርቱካንማ ዝቃጭ ይለጠፋል። ይህን ዝቃጭ በጣት ብትነኩት ልስልስ ነው፤ ከውሃው የወጣ ብረት ነው። ልብ በሉ፣ አሲድ ያለበት ውሃ እንደ መስታወት የጠራ ሊሆን ይችላል። ጠራ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ኦፓል ሲቆፈር ደግሞ ዋናው ስጋት ወደ ሸለቆ የሚደፋው አፈር ነው፤ ስለዚህ ድፍርስነትን ለኩ። ፈንጂ በሚፈነዳበት ቦታ ከፈንጂው ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬት የተባለ ጨው ይመርመር። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመጠጥ ውሃ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም፣ ከድንጋይ ሊሟሟ የሚችለው አርሴኒክ የተባለ መርዝ ከ10 ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም።

እዚያው ለኩ። ፒኤች፣ ሙቀትና ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ የሟሟ ጨው ሲበዛ ይጨምራል) በመንገድ ላይ ስለሚለወጡ ከምንጩ ዳር ይለካሉ። የፒኤች መለኪያውን ጠዋት ጠዋት ፒኤቻቸው 4 እና 7 መሆኑ በሚታወቅ የማስተካከያ ፈሳሾች አስተካክሉ። ፒኤች በአንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ አሥር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ትንሽ ለውጥ አትናቁ። ጉድጓድ ከሆነ ከመቅዳታችሁ በፊት የውሃውን ጥልቀት ለኩ። ከዚያ የተኛው ውሃ እስኪወጣና የኮንዳክቲቪቲው ንባብ እስኪረጋ ፓምፑን ሳቡ። የወንዙን ፍሰትም ገምቱ፤ ውሃው ሲበዛ ብክለቱ ቀጥኖ የሌለ ሊመስል ይችላል።

ናሙናውን በጥንቃቄ ውሰዱ። ጓንት አድርጉ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፤ እግራችሁ ያደፈረሰው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳይገባ። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ ላቦራቶሪው አሲድ የጨመረበትን ወይም ለጀርም ምርመራ ያዘጋጀውን ግን በፍጹም አታለቅልቁ። ውሃው ውስጥ ለሟሟ ብረታ ብረት ምርመራ የሚሆነው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፋል፣ ናይትሪክ አሲድም ይጨመርበታል፤ ይህን የሠለጠነ ሰው ይሥራው። ለጀርም ምርመራ የሚሆነው በበረዶ ሳጥን ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ከአሥር ናሙና አንዱን ደግማችሁ ቅዱ፤ የሁለቱ ውጤት ከተራራቀ አሠራራችሁን ፈትሹ።

ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ ነበረ አልነበረም፣ ማን ቀዳ፦ ሁሉም ይጻፍ። በየወሩ ያው ቦታ፣ ያው መንገድ። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ አያምልጣችሁ፤ በበጋ በቁፋሮው ክምር ላይ የተጠራቀመውን ጨውና አሲድ አንድ ላይ አጥቦ የሚያወርደው እሱ ነው።

ውጤቱ ከተለወጠ ቶሎ ድገሙት። ከተረጋገጠ ለወረዳው ውሃና አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለመንደሩም ንገሩ። እስከዚያው «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ምክር አትስጡ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አርሴኒክ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይጠነክራል። ሌላ ምንጭ ፈልጉ፣ ወይም በቦቴ ንጹሕ ውሃ እንዲመጣ ጠይቁ።