በአንድ እሳት የበዓል ድፎ ዳቦ፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት ይጋገራል

ድፎ ዳቦ የሁለት እሳት ዳቦ ነው። ከታች በጉልቻው መሃል እንጨቱ ይነዳል፤ ከላይ ደግሞ በተከደነው ብረት ምጣድ ላይ ፍም ይደረደራል። ሱሉልታና ሰበታ አካባቢ ግቢና ጭራሮ ያለው ቤት ዛሬም እንዲሁ ይጋግራል። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ግን አንድ እሳት ብቻ ነው፣ ያውም ከሥር። ሥሩ አርሮ መሃሉ ጥሬ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሊጡ ማሳበብ ተገቢ አይደለም።

የሚያስፈልገው

ለአንድ ሙሉ ምጣድ፦ 3 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ከ1.8 እስከ 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ (ያልተቆለለ) ጨው፣ 2 የቡና ሲኒ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ። ኮባ ከ5 እስከ 6 ሰፋፊ ቅጠል። በቅቤ የሚያቦካም አለ፤ ነገር ግን እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ጾመኛ ጎረቤት ሊቀምሰው ስለማይችል ዘይት ይሻላል።

ማቡካት

እርሾውንና ስኳሩን በ1 ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ። በ10 ደቂቃ አረፋ ካልያዘ እርሾው ሞቷል፤ ዱቄት ሳይባክን በሌላ ቀይሩት። ጣት የሚያቃጥል ውሃም እርሾውን ይገድለዋል።

ዱቄቱን ከጨውና ከቅመሙ ጋር አዋህዱ፤ እርሾውን፣ ዘይቱንና ውሃውን ጨምሩ። ዱቄት ሁሉ እኩል ውሃ ስለማይጠጣ የመጨረሻዋን ብርጭቆ በእጃችሁ ያዟት። 20 ደቂቃ በደንብ እሹት። ሊጡ ከአምባሻ ሊጥ ላላ ያለ ሆኖ ከሳፋው ሲላቀቅ፣ በጣት ሲጫኑት ደግሞ ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል። የጠነከረ ሊጥ ለማድቦልቦል ይመቻል፣ ዳቦው ግን በማግሥቱ ይደርቃል።

ከዚያ ከድናችሁ አሳድሩት ማለት አይደለም! አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ እርሾው የሚፈጥረው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ከልኩ ያለፈ ሊጥ ደግሞ ምጣድ ላይ ይሟሽሻል። በሌላ በኩል የገና ሰሞን ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሳፋው ላይ ምልክት አድርጋችሁ እጥፍ ሲሆን አንሱት። ሙቅ ማድቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ሱሉልታ በታኅሣሥ ግን በጋቢ ተጠቅልሎም ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ኮባው

እጠቡት፣ የመሃሉን ወፍራም ክፍል በቢላ ላጡ፣ ከዚያ የሞቀ ምጣድ ላይ ለብለብ አድርጉት። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ሲለሰልስ ይታጠፋል፤ ያልተለበለበ ኮባ ይሰነጠቅና ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ምጣዱ ላይ ይያዛል።

መጋገር

ምጣዱን 10 ደቂቃ አሙቁና አጥፉት። ኮባውን አነባብራችሁ አንጥፉ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይትረፍ። ሊጡን ገልብጡና በእርጥብ እጅ ደልድሉት፤ ከምጣዱ ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የተረፈውን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ከላይም ኮባ አልብሱት። የላይኛው ኮባ ለማማር አይደለም፤ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው እንፋሎት ሊጡን እንዳያላቁጠው ነው።

ክደኑትና ሳታበሩ ለ20 ደቂቃ ተዉት፤ በቀረው ሙቀት እንደገና ይነሳል። ከዚያ 10 ደቂቃ አብሩ፣ 10 ደቂቃ አጥፉ፤ እንዲህ እያላችሁ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ በጠፋበት ጊዜም ያበስላል። የላዩን እሳት የሚተካው ይህ ትዕግሥት ነው።

የላዩ ገጽ እጅ ሳይዝ ሲቀር ለመገልበጥ ጊዜው ነው፤ ቀድሞ ከተገለበጠ መሃሉ ይሰበራል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነውና ጎረቤት ጥሩ። ዳቦውን ከኮባው ጋር ወደ አንድ ሰፌድ አንሸራቱ፣ ሌላ ሰፌድ ከላይ ክደኑ፣ ግጥም አድርጋችሁ ባንዴ ገልብጡና ወደ ምጣዱ መልሱት። ሌላ 20 ደቂቃ። ቀጭን ስንጥር መሃሉ ላይ ተሰክቶ ደርቆ ሲወጣ በስሏል።

በዋዜማ ማታ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ ባንዴ ሲበራ መብራቱ ይደክማል፣ ሊጠፋም ይችላል። የዋዜማው ዕለት ከረፋዱ በፊት መጋገር ይሻላል።

የበሰለውን ከነኮባው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ኮባው የሚላጠው በማግሥቱ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው ባርኮ ሊቆርሰው ሲል ነው። በትኩሱ የተቆረሰ ድፎ በቢላው እየተላቆጠ ሊጥ ይመስላልና፣ ልጆች ቢለምኑም አትቸኩሉ።